ቫዮሊን በጎልማሳነት መጀመር፦ ከባዶ ክር እስከ አምባሰል

ቫዮሊን በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጥሮ መጫወት ለሚያልም ሰው አባባሉ እውነት አለው። ለራሱ፣ ለቤተሰቡ፣ ለጓደኞቹ ዜማ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ግን አይሠራም። የ40 ዓመት ሰው ጆሮው የዳበረ ነው። ትዝታን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆች ይለያል። ዘፋኝ ከቅኝት ሲወጣ ወዲያው ይጎረብጠዋል። ቫዮሊን ላይ ደግሞ ይህ ጆሮ ትልቅ ሀብት ነው። መሣሪያው እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ መስመር የለውም። ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ከተለመዱት የፈረንጅ መማሪያ መጻሕፍት ትንሽ ይለያል። እነሱ በፈረንጅ የልጆች ዜማ ይጀምራሉ። እኔ የምጀምረው በቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል የቫዮሊን ባዶ ክሮች ላይ ሲቀመጡ ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባውን የጣት አቀማመጥ አንድ በአንድ ያስተምራሉ። ማሲንቆ እየሰማ ላደገ ሰው የፈረስ ጭራ ክር ሲሞርድ የሚወጣው ድምፅም እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መሣሪያው፣ መቃኘቱና አያያዙ ይቀድማል።

መሣሪያውን ማግኘት

አዋቂ ሰው የሚይዘው ሙሉውን መጠን ነው፤ ሳጥኑ ላይ 4/4 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ያነሱት ለልጆች የተሠሩ ናቸው። እጁ በጣም ትንሽ ለሆነ ሰው 7/8 የሚባል አለ፤ የሚያስፈልገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ ከመግዛት መከራየቱን እመክራለሁ። የቫዮሊን ሱቆች በወር ያከራያሉ፣ መሣሪያውንም አስተካክለው ነው የሚሰጡት። አዲስ አበባ ላላችሁ ያለው ምርጫ ከሙዚቃ ዕቃ መሸጫ መግዛት፣ ያገለገለ መፈለግ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ነው። ዘመድ ካመጣላችሁ በእጅ ይያዘው እንጂ ሻንጣ ክፍል ውስጥ አይጫን። ክሮቹ ትንሽ ላላ ይበሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይፈቱ። ሁሉም ከተፈቱ ክሮቹን የተሸከመው ቀጭን እንጨት፣ ብሪጁ፣ ይወድቃል። ውስጥ የቆመችው ትንሽ ዘንግም አብራ ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ ማቆም ባለሙያ ይፈልጋል።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ። መቃኛዎቹን፣ ክሮቹ ከላይ የሚጠመጠሙባቸውን እንጨቶች፣ አዙሯቸው፤ ሳይታገሉ መዞር፣ ሲለቀቁ ደግሞ ባሉበት መቆም አለባቸው። መሣሪያውን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በአንገቱ በኩል እዩ፤ የተጣመመ ነገር ካለ ይታያል። ሆዱ ላይ ባሉት ጠማማ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ተመልከቱና ያቺ ዘንግ ቀጥ ብላ መቆሟን አረጋግጡ። ጥቁሩ የጣት ሰሌዳ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ክሮቹ ከሰሌዳው ምን ያህል እንደሚርቁ ለኩ። ቀጭኑ ክር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጣት ያማል፣ ድምፁም ይዛነፋል። ብሪጁን በባለሙያ ዝቅ ማስደረግ ይቻላል፤ ክፍያውን ከዋጋው ጋር አስሉት። ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡትን ርካሽ ቫዮሊኖች ባታዩአቸው ይሻላል። መቃኛቸው አይዝም፣ ተማሪው ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ይተዋል።

ከቫዮሊኑ ጋር የትከሻ ድጋፍ፣ ሮዚን (የደጋኑ ጭራ ላይ የሚቀባ ደረቅ ሙጫ)፣ አንድ ትርፍ ቀጭን ክርና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያዙ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ብሪጁ ላይ የሚሰካ የላስቲክ ድምፅ ማፈኛ ጨምሩ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ቫዮሊን ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፣ የጀማሪ ቫዮሊን ደግሞ ለጎረቤት ይከብዳል። ማፈኛው ካለ ማታም መለማመድ ትችላላችሁ።

መቃኘት

ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ይባላሉ። ስልካችሁ ላይ ነፃ የመቃኛ መተግበሪያ ጫኑ፣ ኤን በ440 ኸርዝ አድርጉት። መተግበሪያው ከፊደሉ አጠገብ ቁጥር ካሳየ ትክክለኞቹ ጂ3፣ ዲ4፣ ኤ4 እና ኢ5 ናቸው። ቁጥሩን ማየት ጠቃሚ ነው። ፊደሉን ብቻ አይቶ ክሩን አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥኖ እስከሚደገምበት፣ ወደ ላይ የሚወጥር ጀማሪ አለ፤ ክሩ የሚበጠሰውም ያኔ ነው።

በኤ ጀምሩ። ቀጥሎ ዲ፣ ከዚያ ጂ፣ መጨረሻ ላይ ኢ። ኢ በጣም ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ቀስ በሉ፣ ፊታችሁንም ራቅ አድርጉ። መቃኛውን ስታዞሩ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ አዙሩት። መቃኛው በብሎን አልታሰረም፤ የሚይዘው በግጭት ብቻ ነው። ካልገፋችሁት ይለቃል። ትንሽ ብቻ ሲቀር ከብሪጁ በታች ክሮቹ በሚታሰሩበት በኩል ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ጨርሱ።

አዲስ አበባ ላይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይጠብና መቃኛው ይንሸራተታል። ክረምት ሲገባ ያብጥና አልዞር ይላል። ዱባይ ወይም ሪያድ ቀኑን ሙሉ በኤሲ የሚኖር ሰውም የበጋው ችግር ይገጥመዋል። የሚንሸራተት መቃኛ ጠመኔ ቢነካ ይይዛል። የሚጠብቅ መቃኛ ደግሞ የእርሳስ ጫፍ ቢቀባ ይለዝባል። ክሩ የተጠመጠመበትን መቃኛ ስታወጡ አንዱን ብቻ አውጡ። ሌሎቹ ሦስቱ ብሪጁን ይዘው ይቆያሉ።

ቃኝታችሁ ስትጨርሱ ብሪጁን በጎን እዩት። መቃኘት ጫፉን ወደ ጣት ሰሌዳው ይስበዋል። ካዘነበለ በሁለት እጅ ጣቶች በቀስታ መልሱት። ሁለቱ እግሮቹ ሆዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለባቸው።

ደጋኑና ሮዚኑ

ደጋኑን፣ ብዙ ሰው ቦው የሚለውን፣ ከመጫወታችሁ በፊት በእጀታው መጨረሻ ባለው ብሎን ወጥሩት። ጭራው ከእንጨቱ መሐል ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል ሲርቅ በቂ ነው። እንጨቱ ቀጥ እስኪል ከወጠራችሁት አበዛችሁት ማለት ነው። ስትጨርሱ ሁልጊዜ አላሉት። ጭራውን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ወዝ የነካው ቦታ ክሩን አይዝም።

አዲስ ደጋን ሮዚን ካልተቀባ ምንም ድምፅ አያወጣም። ብዙ ሰው ያኔ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። አዲስ ሮዚን ደግሞ ፊቱ ልሙጥ ነውና በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ቦርሹት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ ቀቡት፣ ክሩ ላይ ሲያልፍ መያዝ እስኪጀምር። ከዚያ በኋላ ከልምምድ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ማመላለስ ይበቃል። ነጭ ብናኝ ከቦነነ በዝቷል።

ቫዮሊኑን መያዝ

ቁሙ። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። ቫዮሊኑን በግራ የአንገት አጥንታችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ጫፉ ወደ ግራ ያዘንብል። ከዚያ ራሳችሁን ወደ ግራ መልሳችሁ መንጋጋችሁን በማሳረፊያው ላይ ጣሉት። የሚያርፈው መንጋጋው ነው። በአገጭ የሚጫን ሰው በሳምንቱ አንገቱን ያመዋል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ግራ እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ቫዮሊኑ በጭንቅላታችሁ ክብደት ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ የትከሻ ድጋፉ ልክ ነው። ትከሻችሁ ወደ ላይ ከወጣ ድጋፉ አጭር ነው፤ ከፍ አድርጉት። ቫዮሊኑ ወደ ደረታችሁ ከተንሸራተተም ድጋፉን ወደ ትከሻችሁ አዙሩት። ሐብልና ትልቅ ጉትቻ አውልቁ። አንገታችሁን የመንጋጋ ማሳረፊያው ብረት የሚያሳክካችሁ ከሆነ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ግራ እጅ ቫዮሊኑን አይሸከምም። አውራ ጣትና የሌባ ጣት ሥር አንገቱን ከሁለት በኩል ይነኩታል፣ መሐል ላይ ክፍተት ይቀራል። የእጅ አንጓ ቀጥ ይበል። ጀማሪ ሲደክመው መዳፉን ከአንገቱ ሥር እንደ ድጋፍ ያስጠጋል። በዚያ አኳኋን ጣቶች ክሩ ላይ ቀጥ ብለው መውደቅ አይችሉም።

ደጋኑን መያዝ

እዚህ ጊዜ ስጡ። የቫዮሊን ድምፅ የሚሠራው በቀኝ እጅ ነው። ጥሩ ድምፅ ያለውና ትንሽ ዜማ የሚያውቅ ሰው ይደመጣል፤ ብዙ ዜማ የሚያውቅና ድምፁ የሚሻክር ግን ማንም አይሰማውም።

መጀመሪያ በእርሳስ ተለማመዱ። ትኩስ ቡና ያለበትን ሲኒ ከከንፈሩ በኩል በጣት ጫፍ ስታነሱ እጃችሁ የሚይዘውን ቅርፅ አስቡ፤ ጣቶች የተጎበጡ፣ መዳፍ ክፍት፣ ጭምቅ ማድረግ የለም። እርሳሱን በዚያ ቅርፅ ያዙት። አውራ ጣት ጎንበስ ብሎ ከመሐል ጣት ትይዩ ይቀመጣል። የመሐልና የቀለበት ጣት በላይ በኩል ወርደው ያቅፋሉ። ሌባ ጣት በሁለተኛው አንጓው በኩል በጎን ይደገፋል። ትንሿ ጣት ጎብጣ በጫፏ እርሳሱ ላይ ትቆማለች።

የትንሿ ጣት ሥራ ከባድ ነው። የደጋኑ ጫፍ እንዳይወድቅ ሚዛን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቀጥ ብላ ከደረቀች እጅ በሙሉ ይደርቃል። እርሳሱን ይዛችሁ ትንሿን ጣት አንሱ፣ መልሱ፣ አንሱ፣ መልሱ። ቴሌቪዥን እያያችሁም ይሠራል። ከዚያ ወደ ደጋኑ እለፉ። አውራ ጣታችሁ በእጀታው በኩል ያለችው፣ ፍሮግ የምትባለው ጥቁር እንጨትና ዱላው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ይገባል። ደጋኑን ክር ሳይነካ አየር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያም ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱት። አውራ ጣታችሁ ቀጥ ብሎ ሲደርቅ ባያችሁ ቁጥር አቁሙና ከመጀመሪያው ያዙት።

ባዶ ክር መሞረድ

አሁን ዲ ክር ላይ፣ ምንም ጣት ሳታስቀምጡ። ደጋኑን በብሪጁና በጣት ሰሌዳው መሐል አስቀምጡ። መጀመሪያ በመካከለኛው ክፍሉ ብቻ፣ በአጭሩ። ክንዳችሁ ከክርን በታች እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሳምንቱ ውስጥ ወደ ሙሉ ደጋን ታድጋላችሁ።

መስታወት ፊት ቁሙ። ደጋኑ ከብሪጁ ጋር ትይዩ መሄድ አለበት። ወደ ታች ስትስቡ እጃችሁ ወደ ኋላችሁ መዞር ይፈልጋል፣ ደጋኑም ይጣመማል። የሚታረመው ክንድን ትንሽ ወደ ፊት በመግፋት ነው። ያለ መስታወት ይህን ማየት አይቻልም፣ ቀጥ ያለ እየመሰላችሁ ትቀጥላላችሁ።

ድምፁን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ፍጥነት፣ ክብደትና ቦታ። የሚወጣው ድምፅ የትኛው እንደተዛነፈ ይነግራችኋል። ቢያንቃቅር ወይም ቢቀረጥፍ ክብደቱ በዝቷል ወይም ደጋኑ በጣም ዘገየ። እንደ ፉጨት ሳስቶ ከወጣ ክብደቱ አንሷል ወይም ደጋኑ ወደ ጣት ሰሌዳው ሸሽቷል። ብረት የሚሰነጥቅ የመሰለ ሹል ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ብሪጁ ተጠግታችኋል። ሁለት ክር አንድ ላይ ከጮኸ ክርናችሁ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት አለበት፤ ለጂ ክርን ይወጣል፣ ለኢ ይወርዳል። ክብደት ማለት ደግሞ በጣት መጫን አይደለም። ክንዳችሁ ራሱ ከባድ ነው፣ ደጋኑ ላይ እንዲያርፍ ፍቀዱለት።

አንድ ረጅም ደጋን ቀስ ብላችሁ አራት እየቆጠራችሁ ወደ ታች፣ አራት እየቆጠራችሁ ወደ ላይ ሳቡ። በአራቱም ክሮች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይህንን ብቻ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። አዋቂ ሰው ቶሎ ዜማ ላይ መድረስ ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ድምፁ የተስተካከለለት ሰው ዜማውን ሲጀምር ልፋቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ጣት ማስቀመጥ

ቫዮሊን ላይ ሌባ ጣት 1፣ የመሐል ጣት 2፣ የቀለበት ጣት 3፣ ትንሿ ጣት 4 ትባላለች። ለጀማሪ የጣት ሰሌዳው ላይ ቀጭን ፕላስተር መለጠፍን እደግፋለሁ። በ4/4 ቫዮሊን ላይ ክሩ ከላይ ከተደገፈባት ትንሽ እንጨት ተነስታችሁ በማስመሪያ ለኩ። 1ኛ ጣት 3.6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ 2ኛ ጣት 6.8፣ 3ኛ ጣት 8.2 ላይ ናቸው። መሣሪያው በትንሹ ስለሚለያይ በመቃኛ መተግበሪያው አረጋግጡ። ዲ ክር ላይ 1 ኢን፣ 2 ኤፍ ሻርፕን (F#)፣ 3 ጂን ማሳየት አለባቸው።

ጣት በጫፉ፣ ከላይ ይወድቃል። ጥፍራችሁን አሳጥሩ፤ ጥፍር ያስረዘሙ እህቶች የግራ እጁን ብቻ ቢቆርጡ ይበቃል። አጥብቆ መጫን አያስፈልግም። ድምፁ ጥርት ካለበት በላይ የሚጨመረው ጉልበት እጅን ከማድከም ውጭ ጥቅም የለውም።

ፕላስተሩ ለጊዜው ነው። ዘላቂው ምልክት ከቫዮሊኑ ራሱ ይመጣል። ዲ ክር ላይ 3ኛ ጣታችሁን በትክክል ስታስቀምጡ የሚወጣው ጂ ነው፣ ባዶው ጂ ክርም ሳይነካ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ዓይናችሁን ወደ ወፍራሙ ክር አድርጉ፣ ሲርገበገብ ታዩታላችሁ። ጣታችሁን በጣም በትንሹ ብታንሸራትቱ መርገብገቡ ይቆማል፣ ድምፁም ይደፈናል። ኤ ላይ 3ኛ ጣት ባዶውን ዲ፣ ኢ ላይ 3ኛ ጣት ባዶውን ኤ ያስነሳል። ይህንን አንድ ጊዜ የሰማ ጆሮ ልክ ያልሆነውን ቦታ አይቀበልም። ፕላስተሩን የምታነሱበት ጊዜ ያኔ ደረሰ።

ቅኝቶቹ

ትዝታ ሜጀር ይቅደም። ዲ ክር ላይ ባዶውን፣ 1ኛን፣ 2ኛን ጣት። ወደ ኤ ክር እለፉ፤ ባዶውን፣ 1ኛን፣ 3ኛን። ድምፆቹ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ እና ላይኛው ዲ ናቸው። ወደ ላይ ወጥታችሁ ወደ ታች ተመለሱ። ስትወርዱ ነው ትዝታነቱ ይበልጥ የሚሰማው። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሙሉ ደጋን ስጡ። ላይኛው ዲ ላይ ስትደርሱ ባዶው ዲ ክር አብሮ መርገብገቡን ስሙ።

ትዝታው ከተስተካከለ ወደ ባቲ። ባቲ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ለጀማሪ የሚመቸው ሦስተኛው ድምፅ ዝቅ ያለበት ማይነሩ ነው። ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ። እዚህ 2ኛ ጣት ቦታ ይቀይራል፤ ወደ 1ኛ ጣት ቦታ ይጠጋል፣ ከላይ 5.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም ክር ላይ ቅርፁ አንድ ነው። ባዶ፣ ዝቅ ያለ 2፣ 3። ከዚያ ወደ ኤ ክር፣ እንደገና ባዶ፣ ዝቅ ያለ 2፣ 3። ትዝታና ባቲን እያቀያየራችሁ ስትጫወቱ 2ኛ ጣታችሁ ሁለት ቤት እንዳለው ይለምዳል። የፈረንጁ መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው አምባሰል ነው። ይህንን ከኤ ክር ጀምሩት፤ ባዶ ኤ፣ ዝቅ ያለ 1 ማለትም ቢ ፍላት፣ 3 ማለትም ዲ። ከዚያ ኢ ክር ላይ ባዶ፣ ዝቅ ያለ 1 ማለትም ኤፍ፣ 3 ማለትም ላይኛው ኤ። እዚህም የሁለቱ ክር ቅርፅ አንድ ነው። ዝቅ ያለው 1ኛ ጣት ከላይ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፣ ጣት ወደ ኋላ ይዘረጋል። እጃችሁን በሙሉ ወደ ኋላ አትጎትቱት። 3ኛ ጣት ባለበት ይቆይ፣ 1ኛው ብቻ ይሽሽ።

ትዝታ ማይነር ከዚህ በኋላ ምንም አይከብድም። ዲ ላይ ባዶ፣ 1፣ ዝቅ ያለ 2፤ ኤ ላይ ባዶ፣ ዝቅ ያለ 1፣ 3። ከባቲና ከአምባሰል የለመዳችኋቸውን ሁለቱን ዝቅ ያሉ ጣቶች አንድ ላይ ማምጣት ብቻ ነው። አንቺሆዬን ግን አታስቸኩሉት። ዝቅ ያለ 4ኛ ጣት ይፈልጋል፣ ድምፆቹም እርስ በርስ የሚጠጋጉና የሚራራቁ ስለሆኑ ጆሮ ከጸና በኋላ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ። የመቃኛ መተግበሪያው የሚያውቀው የፒያኖን ልክ ነው። ማሲንቆ ተጫዋችና ዘፋኝ አንዳንዱን ድምፅ ከዚያ በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል፣ ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው። ቫዮሊን ደግሞ ይህን ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ በመተግበሪያው ልክ ጣታችሁን አጽኑ። ከዚያ የምትወዱትን ተጫዋች አዳምጡና እሱን ተከተሉ።

ዜማ በጆሮ ማውጣት

ለመጀመሪያው ዘገም ያለ ዜማ ምረጡ። የሕፃን ማባበያ ሊሆን ይችላል፣ መዝሙር ሊሆን ይችላል። በቃላችሁ የምታውቁት ይሁን። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ውሰዱና ቃሉን ትታችሁ በ"ላ" ዘምሩት። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ፤ እሱን ዲ አድርጉት። ቅኝቱ ትዝታ ከሆነ ከላይ ያያችኋቸው አምስት ድምፆች ብቻ ናቸው የሚያስፈልጓችሁ። ቀጣዩ ድምፅ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? አንድ ደረጃ ነው ወይስ ዘለለ? አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ፣ እየዘመራችሁ። ከተጫወታችሁት መልሳችሁ ዘምሩት። መዝፈን ያልቻላችሁትን ድምፅ ጣታችሁ ሊያገኘው አይችልም።

ከቅጂ ጋር አብራችሁ ልትጫወቱ ከፈለጋችሁና ዘፋኙ ሌላ ድምፅ ላይ ከጀመረ፣ ስልክ ላይ ቅጂውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መተግበሪያ አለ። የዜማውን ማረፊያ ወደ ዲ አምጡት። ፍጥነቱንም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። መስመር በመስመር ብትሄዱ አንድ አጭር ዜማ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቢወስድ ጤናማ ነው።

ኖታ ማንበብ ይጠቅማል፣ ለመጀመር ግን አያስፈልግም። ጥቂት ዜማዎች በጆሯችሁ ከያዛችሁ በኋላ ብትማሩት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት ለምታውቁት ነገር ስም ይሆናል።

የቀን ልምምድ

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመጫወት በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበልጣል። እጅ የሚማረው በድግግሞሽና በእንቅልፍ ነው። ቫዮሊኑን ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ አልጋ ሥር ካስገባችሁት ይረሳል። ፀሐይና የምድጃ ሙቀት የማያገኘው፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ግን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት። መኪና ውስጥ በጭራሽ አትተዉት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ከ20 ደቂቃው አምስቱን ለመቃኘትና ለረጅም ባዶ ክር፣ አምስቱን ለአንድ ቅኝት፣ የቀረውን ለዜማ ስጡት። ዜማው ውስጥ የምትሰናከሉባትን ቦታ ለይታችሁ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ደጋግሙ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበነቡ ስህተቱን አብሮ ማለማመድ ጊዜ ያባክናል። በሳምንት አንዴ ስልካችሁ ላይ ቅዱ። ስትጫወቱ የሚሰማችሁና ቅጂው ላይ ያለው ይለያያል፤ ከወር በፊት ከቀዳችሁት ጋር ስታነጻጽሩትም ለውጡን ታዩታላችሁ።

የጣት ጫፍ ትንሽ ቢያምና የክር ምልክት ቢወጣበት ያለ ነው፣ ይጠነክራል። አንገት፣ ትከሻ ወይም አንጓ ካመመ፣ ጣት ከደነዘዘ ግን ወዲያው አቁሙ። አያያዙ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ። በሕመም ላይ መለማመድ አዋቂን ለወራት ከመሣሪያው ሊያርቅ ይችላል።

ለዚህም ነው አስተማሪ የምመክረው። አቅም ካልፈቀደ ሁልጊዜ መሆን የለበትም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በየሁለት ወሩ አያያዛችሁን የሚያይላችሁ ሰው ቢኖር በቂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው በግል የሚያስተምሩ አሉ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በኢንተርኔት ካገር ቤት አስተማሪ ጋር መማር ትችላላችሁ፤ ካሜራው ቀኝ እጃችሁንና ብሪጁን እንዲያሳይ አድርጉ። ቫዮሊን በአገራችን እንግዳ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከፒያኖው ጋር ቫዮሊን ተምረዋል፣ ካይሮ ያስተማራቸው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችም በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ባንድ መርቷል። ዛሬም ፈልጎ አስተማሪ ማግኘት ይቻላል።

ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ሦስቱን ቅኝቶች በተጣራ ድምፅና ጥቂት ዜማዎችን ትጫወታላችሁ። ድምፅ ማርገብገብን፣ ቪብራቶ የሚባለውን፣ እስከዚያ አትንኩት፤ ያልጸና ጣት ላይ ሲጨመር ቅኝቱን ይሸፍነዋል። እንደ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ ማንሸራተቱን ግን ቀደም ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ባቲ ላይ በዲ ክር ከዝቅተኛው 2 ወደ 3ኛው ቦታ በአንዱ ጣት ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ፣ መድረሻው ላይ ልክ ስታርፉ ባዶው ጂ ክር መልስ ይሰጣችኋል።

ሁልጊዜ ስትጨርሱ ክሮቹንና ሆዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሮዚኑ ከቆየ ቀለሙ ላይ ይደርቃል። ክሮች በየዕለቱ ለሚለማመድ ሰው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያገለግላሉ። ድምፃቸው ከደፈነ ወይም አንዱ መቃኘት እምቢ ካለ ቀይሯቸው፤ አንዱን ፈትታችሁ፣ አንዱን አስገብታችሁ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።